ኖራ የተቀባው ኮር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ገና ወንበር ሳይሰጠኝ ተቆጡኝ። በመጋዘኑ በር አጠገብ ክዳኑ የተከፈተ ረጅም የእንጨት ሳጥን ነበር። በውስጡ እንደ ዘነዘና ድቡልቡል የሆኑ ግራጫ ድንጋዮች ተሰልፈዋል። አንዱን አንስቼ አገላብጬ አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ገልብጠሽ ነው የመለስሽው» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል የመነጽራቸውን እጀታ በክር ያሰሩ ቀጭን ሰው ቆመዋል። «ሁለቱም ጫፍ ያው አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «ታዲያ አንቺንም በእግርሽ ብናቆምሽ በራስሽ ብናቆምሽ ያው ነዋ» አሉና ድንጋዩን አንስተው አስተካክለው አስቀመጡት። ስሜን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኒህ ሰው ከፍተኛ ጂኦሎጂስቱ ጋሼ ወርቁ ነበሩ፤ አለቃዬ ሆኑ።

እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ፣ ንዴቴ አፍንጫዬ ላይ ያለ ልጅ ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ጥዬ ልሄድ ዳድቶኝ ነበር። ያስቀረኝ ሌላ ሥራ አለመኖሩ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከቦሌ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሳሊተ ምሕረት በኩል ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ያ ሁሉ ቦታ ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው። ከአውቶቡስ ወርደን ጭቃውን እያቦካን እንሄዳለን። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከመጋዘኑ ቆርቆሮ በላይ ሲያልፉ እርስ በርስ አንሰማማም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ በስብሰባ ላይ ሁላችንም ጓድ ነን፣ ከስብሰባ ስንወጣ ደግሞ ጋሼና እትዬ።

የሥራ መደቤ ረዳት ቴክኒሻን ይባላል። የምሠራው በኮር ነው። ኮር ማለት በምሥራቁ ቆላ የሚቆፍሩት ባልደረቦቻችን በባዶ ቱቦ መሰርሰሪያ ከመሬት ሆድ የሚያወጡት የድንጋይ ምሰሶ ነው። እየተቆራረጠ በሳጥን ይደረደራል። አደራደሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ከላይ በስተግራ የመጀመሪያው፣ ከታች በስተቀኝ የመጨረሻው። ጥልቀቱ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ይጻፋል።

እኔ ኮሩን በስፖንጅ አጥባለሁ፣ እለካለሁ፣ በአልማዝ መጋዝ ለሁለት እሰነጥቃለሁ። ጭቃ የነበረውን ድንጋይ ግን ውኃ አላስነካም። ውኃ ከጠጣ ይፈርሳል። እሱን በደረቁ ነው የምቆርጠው፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ድረስ ክረምት ሲመጣ የሚያስለኝ የዚያ ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ጡረታ ስወጣ ይበርድልኛል ብዬ ነበር። አልበረደልኝም።

አንድ ቀን ጋሼ ወርቁ ከመጋዙ ጠሩኝና አንድ ቁራጭ ሰጡኝ። የላመ ግራጫ ጭቃ ድንጋይ ነው፤ በላዩ እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ይታዩበታል። በመካከሉ እንቁላል የምታህል ቀይ ድንጋይ ተሰንቅራለች።

«ይቺ ከየት መጣች?» አሉኝ።

«ወንዝ አምጥቷት ይሆናላ።»

«ይህን የሚያህል ድንጋይ የሚገፋ ወንዝ እንዲህ ያለ ልም ጭቃ አጠገቧ ያስቀምጣል? ጠራርጎ ይወስደው ነበር። ደግመሽ እዪ። ከሥሯ ያሉት መስመሮች ወደ ታች ጎብጠዋል፣ ከላይ ያሉት ደግሞ ሸፍነዋት አልፈዋል።»

«ከላይ ወድቃ ነዋ» አልኩ።

«ከላይ ነው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ይዟት መጥቶ፣ ሲቀልጥ ጣላት። ጎኗን ዳስሺው፤ ተፍቋል፣ ተቧጥጧል። የበረዶ ግግር መሬት ለመሬት ሲጎትታት ነው እንዲህ የሆነችው።»

ሳቅሁ። ድንጋዩ የመጣው ግመል ጥላ ከሚፈልግበት በረሃ ነው። ጋሼ ወርቁ ግን አልሳቁም። ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገራችን ከዐረቢያ፣ ከሕንድና ከማዳጋስካር ጋር አንድ መሬት ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀረብ ብላ እንደነበረች፣ ተራራ የሚያህል በረዶ ተጭኗት እንደነበረ ነገሩኝ። በትምህርት ቤት ይህን ያስተማረኝ አልነበረም። ይህም ራሱ አናደደኝ።

የሳቸው ጥያቄ ግን በረዶው አልነበረም። ያ አንድ የነበረ መሬት መቼ መሰንጠቅ ጀመረ የሚል ነበር። ሁላችንም የምናውቀው ስምጥ ሸለቆ የትናንት ልጅ ነው ይሉ ነበር። ከሱ እጅግ በፊት፣ በረዶው እየቀለጠ ሳለ፣ በምሥራቅ በኩል ሌላ ስምጥ መከፈት ጀምሮ ነበር ብለው ያምናሉ። የሚያሳምን ማስረጃ ግን ገና አልያዙም።

እንዴት እንደሚታወቅ ያሳዩኝ በሻይ ትሪ ነው። ትሪው ላይ የተበጠበጠ ቀይ አፈር አፈሰሱና እስኪረጋ ጠበቅን። ረግቶ ጠጠር ሲል የትሪውን አንድ ጎን በትንሽ ድንጋይ ከፍ አደረጉትና ውኃ የተቀላቀለ አመድ አፈሰሱበት። አመዱም በተራው ለጥ ብሎ ረጋ። ደግመው ጎኑን ከፍ አደረጉ፣ ደግመው አፈር አፈሰሱ። በመጨረሻ በቢላ ሲቆርጡት የታችኛው ንጣፍ በጣም ዘንብሏል፣ መካከለኛው ያነሰ፣ የላይኛው ለጥ ብሏል።

«ገባሽ? ጭቃው ሁልጊዜ ለጥ ብሎ ነው የሚረጋው። መሬቱ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ንጣፍ እኩል በሆነ ነበር። ጭቃው ሁሉ ከረጋ በኋላ ቢያዘነብልም ሁሉም እኩል ያዘነብላል። ወደ ታች በሄድሽ ቁጥር ዝንባሌው ከጨመረ ግን፣ ጭቃው እየረጋ ሳለ መሬቱ በአንድ ጎኑ እየሰመጠ ነበር ማለት ነው።»

ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ወደድኩት።

በምሥራቅ ከሚቆፈረው ጉድጓድ የወጡት የላይኛው በረዶ ወለድ ንጣፍ ሳጥኖች ቀድመው መጥተው ስለነበር አብረን ለካናቸው። እኔ ኮሩን እይዛለሁ፣ ጋሼ ወርቁ በፕሮትራክተር የመስመሮቹን ዝንባሌ ያነባሉ። ወደ ታች ስንወርድ ዝንባሌው ጨመር፣ ጨመር ማለት ጀመረ። እሳቸው ከንፈራቸውን እየነከሱ ቁጥሩን ይጽፋሉ። የታችኞቹ ሳጥኖች በክረምቱ መጨረሻ በጭነት መኪና ደረሱ።

ነገሩ የአንድ ሰው የማወቅ ጉጉት ብቻ አልነበረም። ከአብዮቱ በዓል በኋላ አንድ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ነዳጅ ዘይት የሚጠራቀመው ጥልቅ ስምጥ ውስጥ ነውና፣ በአካባቢው እንዲህ ያለ ስምጥ መኖሩ ከታየ ቁፋሮው ይቀጥላል፤ ካልታየ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ቡድኑ ይበተናል። ከውጭ የመጡት አማካሪዎች «በረዶው ጥሎት የሄደው ጭቃ ስስ ልብስ ነው፣ ከሥሩ ምንም የለም» ብለው ነበር። ምላሹ ያለው በነዚያ የታችኞቹ ሳጥኖች ውስጥ ነው።

ሳጥኖቹን በከፈትን ማግስት፣ ገና ሳንለካ፣ እኔንና ጋሼ ወርቁን ለፖለቲካ ትምህርት ከከተማ ውጭ ላኩን። ጋሼ ወርቁ ይቆየን ብለው ለመኑ፤ ማን ሰምቷቸው። ከመሄዳችን በፊት ጓድ ታምሩን ጠርተው ሳጥኖቹ እንዳይነኩ አሳሰቡት። ጓድ ታምሩ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ነው፤ ጥበቃውም ጽዳቱም ግቢውም በሱ ሥር ነው። «ምን ችግር አለ፣ ጓድ ወርቁ። ድንጋይ የት ይሄዳል?» አለና ሳቀ።

ትምህርቱ አልቆ የተመለስን ጧት ከሩቅ ያየሁት በግቢው በር ላይ የተሠራውን ቅስት ነው። የአብዮቱ በዓል ደርሷል። ያኔ በዓል ሲመጣ ወይም ትልቅ ሰው ሲጎበኝ መንገዱ ዳር ድንጋይ ይደረደራል፣ ኖራ ይቀባል። ከቦሌ እስከ መሀል ከተማ ነጭ ድንጋይ በነጭ ድንጋይ ይሆናል። ይህ የተለመደ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

በሩን አልፌ ስገባ በአበባው መደብ መካከል ትልቅ ኮከብ ተሠርቷል። ኮከቡ ቀይ ነው። ከኮከቡ እስከ ቢሮው ደረጃ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር በነጭ ተሸልሟል። ድንጋዮቹ እኩል ናቸው፣ ድቡልቡል ናቸው። አንዱ ጋ ጎንበስ አልኩ። ኖራው ባልደረሰበት በኩል እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች አየሁ።

ጋሼ ወርቁ ከኋላዬ እየመጡ ነበር። ዞሬ ላያቸው ፈራሁ።

ቅስቱን ቀና ብዬ ሳየው ደግሞ የተሠራው ከሳጥኖቹ ሳንቃ ነው። ከቀዩ ጨርቅ ጀርባ በጋሼ ወርቁ እጅ የተጻፉት የጥልቀት ቁጥሮች ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ፣ ድንጋዩ እዚህ መሬት ላይ አለ። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጓድ ታምሩ ደስ ብሎት መጣ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። አያችሁት? የቀበሌው ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ነው የሠሩት። ሌላው መሥሪያ ቤት ኮረት ለቅሞ ነው የደረደረው። የኛን የመሰለ እኩል ድንጋይ በከተማው የለም፤ ይህ ከየት መጣ ብለው የጠየቁኝ አሉ።»

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጋሼ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ በምን ቅደም ተከተል ነው ከሳጥን ያወጡት?» አሉት።

«ጓድ ይበሉኝ። ቅደም ተከተሉማ ያምራል፤ ረጃጅሙን ለኮከቡ፣ አጫጭሩን ለመንገዱ።»

«እንዳይነካ አላልኩህም?»

«መጋዘኑን አልነካንም እኮ፤ በሩ አጠገብ ያለውን ብቻ ነው። ሳንቃ ቸገረን፣ ድንጋዩም ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ትወስዱታላችሁ። ምን ይሆናል?»

«እስከዚያ ዝናብ ይመታዋል» አልኩት። «ይህ ጭቃ ነው። ውኃ ከነካው ይፈርሳል። ዛሬውኑ እንነቅለዋለን።»

ፊቱ ተለወጠ። «ኮከቡን ልትነቅዪ? በአብዮቱ በዓል ዋዜማ? ምን እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ?»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቀለሙ ነው። ኮር ላይ የሚቀባ ቀለም በተደጋጋሚ ጠይቀን ነበር። አሠራሩ በድንጋዩ ርዝመት ቀይና ጥቁር መስመር ጎን ለጎን ማስመር ነው፤ ቀዩ በቀኝ ከሆነ ድንጋዩ ላዩ ወደ ላይ ሆኖ ቆሟል ማለት ነው። ጥልቀቱም አብሮ ይጻፋል። ቀለም የለም፣ የውጭ ምንዛሪ ቸግሯል ተባልን። ለመፈክርና ለኮከብ ሲሆን ግን ቀይ ቀለም በጣሳ በጣሳ ይወጣ ነበር። እንዲያውም በዚያ ኮከብ ላይ የፈሰሰው ቀለም የጉድጓዱን ኮር ሁሉ አስምሮ ይተርፍ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለሂስ ይባላል፤ ሰው ይነሣና ሌላውን ይነቅፋል፣ የተነቀፈው ደግሞ ተነሥቶ ራሱን ይነቅፋል። ጓድ ታምሩ ተነሣና ጓድ ወርቁ ለሰፊው ሕዝብ በዓል ንቀት አሳይተዋል፣ ረዳታቸውም የአብዮቱን ኮከብ ለመንቀል ዝታለች አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ድንጋይ ከአብዮቱ ይበልጣል ማለትሽ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«በዕድሜ ይበልጣል» አልኩት።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ይጠፋ ነበር፤ ይህን የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም።

ጋሼ ወርቁ ተነሡ። ለበዓሉ ያላቸውን አክብሮት በበቂ አለመግለጻቸውን፣ ልጅቱንም የድንጋይ ዕድሜ ሲያስተምሩ የንግግር ሥርዓት ሳያስተምሩ መቅረታቸውን ተናገሩ። ግለሂስ አደረጉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ከስብሰባው ስንወጣ፣ «ለምን?» አልኳቸው። «ገና ብዙ ኮር ትሰነጥቂያለሽ፤ እስር ቤት መጋዝ የለም» አሉኝ።

ዝናቡ በበዓሉ ዋዜማ መጣ። ክረምቱ ወጣ ስንል ጨርሶ ያልወጣ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ ነው። በመስኮት ቆሜ አየሁት። በነጩ መንገድ ዳር ግራጫ ውኃ ይወርዳል። ያ ውኃ ከበረዶው ዘመን ጀምሮ ያልረጠበ ጭቃ ነው፤ ወደ ጎዳናው ቦይ ገባ።

በዓሉ አልፎ፣ እንግዶቹ ኮከቡን አድንቀው ከሄዱ በኋላ ፈቀዱልን። ድንጋዮቹን በጆንያ እየሸከምን ወደ መጋዘን መለስን። አሸዋማውና ጠጠር የበዛበት ድንጋይ ደህና ነበር። ጭቃው ግን፣ የምንፈልገው እሱ፣ ገሚሱ እንደ ሽሮ ዱቄት ላልቷል።

የተረፈውን እንደ ተሰበረ ሸክላ ስብራቱን ከስብራቱ እያገጣጠምን ሞከርን። አንዳንዱ ገጠመ። ከበረዶ የወደቁት ጠጠሮችም ረዱን፤ ከሥራቸው መስመሩ የጎበጠበት በኩል ታች ነውና ቁራጩ በየት በኩል እንደሚቆም አወቅን። ዝንባሌውን ስንለካ ልቤ ዘለለ። ለጥ ያለ አለ፣ ዘንበል ያለ አለ፣ በጣም ያዘነበለ አለ። ሁሉም ልክ እንደ ትሪው ነው። ግን ከመካከላቸው የትኛው ከየትኛው በታች እንደነበረ የሚነግረን አልነበረም።

የመምሪያው ኃላፊ መጥተው አዩት። ከጋሼ ወርቁ ጋር አብረው የተማሩ፣ ደግ ግን የደከማቸው ሰው ነበሩ። «ወርቁ፣ በጣም ያዘነበለውን ከታች፣ ለጥ ያለውን ከላይ አድርገህ ደርድረው። እንደዚያ እንደነበረ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ» አሉ።

«አላውቅም። እገምታለሁ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «በዝንባሌው ከደረደርኩት በኋላ ዝንባሌው ወደ ታች ይጨምራል ብል፣ የጨመረው ማነው? እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ትከሻቸውን ነቅንቀው ወጡ። እኔ ግን በጋሼ ወርቁ ላይ ጮኽኩ። አዎ፣ በአለቃዬ ላይ ጮኽኩ። «እነሱ ሳጥኑን ሰብረው ቅስት ሲሠሩ ያላፈሩትን እርስዎን ምን ያሳፍርዎታል? እውነቱ እንደሆነ ይኸው ፊታችን ነው። ልደርድረው፣ እኔ ልደርድረው!»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የእነሱ ሥራ ድንጋይ አይደለም። የኔ ሥራ ነው» አሉኝ። ከዚያ ፕሮትራክተሩን ወደ መሳቢያው መለሱት።

ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ ኮሩን ተሸክሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ወርቁ የላይኛውን ልኬት አሳዩ፤ ዝንባሌው መጨመር መጀመሩን ተናገሩ። የታችኛው ክፍል መጥቶ እንደነበረ፣ ቅደም ተከተሉ እንደጠፋ፣ ስለሱ ምንም ማለት እንደማይችሉ ተናገሩ። ማን እንዳጠፋው አልተናገሩም። ጓድ ታምሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እንግዲያው ማስረጃ የለዎትም» አሉ ሰብሳቢው።

«የለኝም።»

ጓድ ታምሩ ራሱን ነቀነቀ፤ በሰው ሥራ መበላሸት የሚያዝን ይመስል። ያንን ራስ መነቅነቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ይቅርም አላልኩትም።

ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ። ቡድኑ ተበተነ። ጋሼ ወርቁ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለመንገድ ሥራ የሚሆን የድንጋይ ካባ ሲፈልጉ ኖሩ። እኔ ከዚያ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሬ ብዙ ኮር ሰነጠቅኩ፤ ቁጣዬ ግን ከኔ ጋር ተዛወረ። ለረጅም ጊዜ እሳቸውንም አልማርኳቸውም ነበር። ቢደረድሩት ኖሮ ቁፋሮው ይቀጥል ነበር እያልኩ እብሰለሰል ነበር። በኋላ ራሴ ልኬት ፈርሜ ማስረከብ ስጀምር ለምን እንዳልደረደሩት ገባኝና ማርኳቸው። የቀረው ቁጣ ሁሉ ለጓድ ታምሩ ሆነ፤ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

በዚህ ሙያ አዲስ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ኮሩ ከቱቦው እንደወጣ፣ ገና ሳጥን ሳይገባ፣ ላዩንና ታቹን አስምሩበት፤ ጥልቀቱን በሳጥኑ ላይ ሳይሆን በራሱ በድንጋዩ ላይ ጻፉት። ሳጥን እንጨት ነው፣ እንጨት ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ቀለም የለም ከተባላችሁ ቁፋሮውን አስቁሙ። እኔ አንድ ጊዜ አስቁሜ ተቀጥቻለሁ። ቀለሙ ግን መጣ።